የሶፋው ሰባት ቤት

ልጅ ሲዳር ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ የደብረ ብርሃን ሰው ካለ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የኔ ልጅ ባፈና እና ገብረአብ መፈላለጋቸው የታወቀ ጊዜ፣ ሁለታችንም ወገን ከአንኮበር የምንመዘዝ ስለሆንን፣ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ሦስት እሑድ ሙሉ እኔ ቤት እየመጡ ዘር ቆጠሩ። ከገብረአብ ተነስተው ወደ አባቱ ወደ ባላምባራስ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ከዚያ ወደ አያቱ፣ ወደ ቅድመ አያቱ እያሉ እስከ ሰባት ወጡ። በኔም በኩል ወጡ፣ በባለቤቴ በደመቀችም በኩል ወጡ። የሚነካካ ሥጋ አልተገኘም። ተመስገን ተባለ፣ ጠላ ተጠጣ። ያልቆጠርነው የሶፋውን ነው። የሶፋውን አንድ ቤት እንኳ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ባላፈርኩ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1972 ዓ.ም. ነው። እኔ ወልደአረጋይ እባላለሁ፤ በአውራጃው ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ወረቀት መቀበል፣ ቁጥር መስጠት፣ ማኅተም መምታትና ወደ መደርደሪያ መስደድ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ አንድም ወረቀት ዳር እስከ ዳር አንብቤ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። ጀማሪዎች ያነባሉ። ስለሚያነቡም ከምሳ በኋላ ይደክማሉ። እኔ ከላይ ቀኑን፣ ከታች ፊርማውን አያለሁ፤ መካከሉ የባለጉዳዩ ነው። በዚሁ ፍጥነቴ ሁለት ጊዜ ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ ተሸልሜያለሁ።

ሶፋ የሚባል ሐሳብ ከኔ አልመነጨም። ከደመቀች ነው የመነጨው። ገብረአብ በጤና ጣቢያ ረዳት ሆኖ የሚሠራ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ባፈና አስተማሪ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ሁለት ጠያቂ አሳፍራ መልሳለች፤ እሱን ግን ወደደችው፣ መውደዷንም ከእናቷ አልደበቀችም። ችግሩ የልጁ እናት ናቸው። ልጁ እናቴ ካልመረቀችኝ አላገባም ብሏል። እናቱ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ደግሞ በደጉ ጊዜ የታወቁ እሜቴ ነበሩ። መሬቱ በ67 ሲወረስ ከመሬቱ ጋር ብዙ ነገር ሄደ፤ ባላምባራስም በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። በወጉ ሴት ከሽማግሌ ጋር አትመጣም። እሳቸው ግን አባቱም እናቱም እኔው ስለሆንኩ የልጅቷን ቤት በዓይኔ አይቼ ነው የምወስነው ብለው ላኩብን።

ይህ መልእክት የደረሰን ቀን ደመቀች ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየችው። ቤታችን አንድ ትልቅ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። በትልቁ ክፍል፣ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና በገዛ እጇ ጭቃ አቡክታ የሠራችው መደብ አለ። በየበዓሉ በእበት ይለቀለቃል፤ ላዩ ላይ የበግ አጎዛ ይነጠፋል። የመንዝ በግ እንኳን ሙቶ ቆሞም ምንጣፍ ነው፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ከዚህ የበለጠ መቀመጫ የሚያሻው ሰው እኔ አላየሁም።

ደመቀች ግን እሳቸው በሶፋ ላይ ያረጁ ሴት ናቸው፣ እኛ ቀሚሳቸውን ጭቃ ቀብተን ልንሰዳቸው ነው ወይ አለች። ዘመኑ ተለውጧል አልኳት፤ ሰፊው ሕዝብ መደብ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ በየሳምንቱ በስብሰባ የሚነገረን ይኸው ነው አልኳት። እሷም ስብሰባውን የሚመሩት ሰዎች ምን ላይ ተቀምጠው እንደሚነግሩን ጠየቀችኝ። አሰብኩ። የቆዳ ሶፋ ላይ ነው። ባርኔጣዬን አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሶፋ አማረኝ። ያቺ ልጅ ሁለት ጠያቂ ከመለሰች በኋላ፣ በገዛ ፍላጎቷ በመረጠችው ሰው ፊት በአባቷ መደብ እንዳታፍር ፈለግሁ። ይህን ግን ለደመቀች አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት በኋላ የማታስገዛኝ ዕቃ የለም።

በመጀመሪያ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ አናጢ ዘንድ ሄድን። አዲስ፣ ቀይ አበባ ያለበት ጨርቅ የለበሰ ሶፋ አሳየን። ስቀመጥበት አቃሰተ። እንጨቱ ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሽታው እራሱ ያስነጥሳል። ውስጡ ምን እንዳለ ብጠይቀው ስፖንጅ ነው አለኝ። ደመቀች ጣቷን በስፌቱ ቀዳዳ ሰደደችና አንድ የስንዴ ገለባ መዛ አወጣች። ለአናጢው እያሳየች፣ «ይኸ ስፖንጅ የበቀለው እነዋሪ ማሳ ላይ ነው?» አለችው። ሰውየው ሳያፍር የዘንድሮ ምርት ነው አለን።

ሁለተኛ የመንግሥት ሱቅ ጠየቅን። ሶፋ አለ፤ ለማግኘት ግን ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከዚያም ማመልከቻ ያስፈልጋል። ማመልከቻ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደኔ ያለ አንድ ሰው ቁጥር ሰጥቶ መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። ልጄ እስከዚያ ድረስ አያት ትሆናለች ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛው ፈረጅ ዘንድ ነው። ፈረጅ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ ከቆላ በርበሬና ጥጥ እያመጣ ይሸጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ደጋ የተረፈውን ሁሉ ይገዛል። ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ፣ በሸራ የተሸፈነ ነገር ነበር። ሸራውን ሲገልጠው ደመቀች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ፣ አረንጓዴ ከፋይ የለበሰ፣ ክንዱ ላይ ብቻ በሰው እጅ ብዛት ሳሳ ያለ ሶፋ ነው።

«ጋሼ ወልደአረጋይ፣ ሶፋ እንደ በቅሎ ነው፤ በፊቱ አይገዛም» አለና ከሠራተኛው ጋር ገልብጦ ሆዱን አሳየኝ። እንጨቱ ወይራ ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ሚስማር የለም። ሞላዎቹ በወፍራም ሲባጎ እርስ በርሳቸው ታስረዋል። በአንድ ጥግ ጨርቁ ተቀዶ ስለነበር ጣቴን ሰድጄ ጎተትኩ፤ የፈረስ ጋማ ነው እንጂ ገለባ አይደለም። እኔ አባቴ በሬ ሲገዛ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ወገቡን ተጫንኩት፣ እግሩን ነቀነቅሁት፣ በሦስቱም ቦታ ተራ በተራ ተቀመጥኩበት። መካከሉ ደህና። ቀኙ ደህና። በግራው በኩል ስቀመጥ ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይኸ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ፈረጅ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ሞላ ሳይሆን አይቀርም፣ የቀረውን አላህ ያውቃል አለኝ። ሰውየው ውሸታም አይደለም፤ እንዲያውም ከዚያ ሁሉ ሰው ያልዋሸኝ እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት።

«ወላሂ ከጥሩ ቤት የወጣ ነው» አለኝ።

ልብ በሉ፤ ሰውየው ሁለት ቃል ነው የተናገረው። «ጥሩ ቤት» አለ፤ «የወጣ» አለ። እኔ ጥሩ የሚለውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የወጣ የሚለውን እዚያው በርበሬው መሐል ጥዬው መጣሁ። ማን አወጣው? ለምን ወጣ? በእግሩ ሄዶ ነው የወጣው? እኔን ብሎ ዕቃ መራጭ። ዋጋውን አልናገርም፤ ደመቀች እስከ ዛሬ የምታውቀው ግማሹን ነው።

አራት ሰው ተሸክሞ ሲያመጣው በበራችን አልገባም አለ። መቃኑ ተነቀለ። መቃኑ ተነቅሎ ሲገባ ደግሞ መደቡ አላስቀምጥ አለው፤ ክፍሉ ለሁለቱ አይበቃም። ደመቀች ዶማውን አምጥታ በእጄ ሰጠችኝ። እናቴ የለሰነችውን መደብ አፈረስኩ። በደረቀው ጭቃ ውስጥ የጣቶቿ መስመር ይታይ ነበር፤ ለባፈና ነው ብዬ ጨረስኩት። አፈሩን ጓሮ ደፋሁት።

ያን ዕለት የቀበሌው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በበራችን ሲያልፍ ግርግሩን አይቶ ገባ። ጓድ ወልደአረጋይ፣ ንዑስ ከበርቴ ሆንክ እንዴ ብሎ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ እኔ ላብ አጠመቀኝ። ለሽማግሌ ነው አልኩት። ሶፋውን በእጁ ተጫነው፣ ተቀመጠበት፣ እግሩን አነባበረ። ሰፊው ሕዝብ ገና መደብ ላይ መሆኑን እንዳንረሳ አሳሰበን። ይህን ሲያሳስበን ሁለት ብርጭቆ ጠላ ጠጣ፤ ለመነሳትም አልቸኮለም።

ከእሱ በኋላ የተቀመጠበት የለም። ደመቀች ነጭ አንሶላ አለበሰችውና ለሽማግሌ ነው ብላ ከለከለች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እኔ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሶፋዬን ስመለከት ሰነበትኩ። ባፈና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለታችንን አይታ ሳትስቅ አታልፍም ነበር። አንድ ቀን ግን አጠገቤ ጆንያው ላይ ተቀመጠችና፣ አባዬ፣ እናቱ እኔን ባይወዱኝ ሶፋው ምን ያደርግልኛል አለችኝ። ምን ልበላት? ይወዱሻል አልኳት።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ነገሩን የያዙት የባላምባራስ የአጎት ልጅ አቶ ወልደተንሣኤ ይባላሉ። ከኋላቸው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ገቡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ የኀዘን ነጠላቸውን እስካሁን ያልቀየሩ ሴት ናቸው። በኛ በኩል አባ ወልደ ሰንበት አሉ። ባፈና ጓዳ ናት፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ አያለሁ።

ኧረ ተቀመጡ አልኩ፣ በሁለት እጄ ሶፋውን እያሳየሁ።

አንቀመጥም አሉ።

ስለ ሥላሴ ተቀመጡ አለች ደመቀች። የመጣንበትን ሳንናገር፣ ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም አሉ አቶ ወልደተንሣኤ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ይህንን ሕፃንም ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ የደመቀችን ቤተሰብ ሲጠይቁልኝ አጎቶቼ እግራቸው እስኪያብጥ ቆመዋል። ለሽማግሌ መቀመጫ ብዬ መደብ አፍርሼ፣ መቃን ነቅዬ፣ አሥራ አንድ ቀን ጆንያ ላይ ከርሜ፣ ሽማግሌ እንደማይቀመጥ ረሳሁት። ደመቀች አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር አልቆሙም። ሶፋው ላይ ዓይናቸው ከዋለ ጀምሮ ማንንም አላዩም። ወደዱት ብዬ ልቤ ሞቀ። ቀስ ብለው ሄዱ፤ ማንም ሳያሳያቸው ወደ ግራው ጫፍ ሄዱ። አንሶላውን በአንድ እጃቸው ገለጥ አድርገው ከፋዩን ዳበሱት፤ ከዚያ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። ጠያቂ ወገን ቃል ሳያገኝ ሲቀመጥ አይተው አያውቁም። አባ ወልደ ሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሴትየዋ አልሰሙም። ግራ እጃቸው ብቻውን፣ ሰው በገዛ ኪሱ እንደሚገባ፣ በክንዱና በመቀመጫው መካከል ገባ። እስከ አምባራቸው ገባ፤ እስከ ክርናቸው ገባ። ቀጭ አለ። የማውቀው ድምፅ ነው። ሲያወጡት በእጃቸው መነጽር ነበር። ክብ፣ የድሮ መነጽር፤ የግራው መስተዋት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«እዚህ ነበርክ ለካ» አሉት።

ለማን እንደተናገሩ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም። ራሳቸው ነገሩን። ሶፋው የሳቸው ነው። ባላቸው ባላምባራስ በጭነት መኪና መንገዱ እስከሚያልቅበት እስከ ጎረቤላ፣ ከዚያ በሰው ትከሻ እቤታቸው ድረስ አስመጥተውት ነበር። ባላምባራስ ሲያነቡ በዚህ በኩል ነበር የሚቀመጡት፤ ሶፋው ደግሞ አጠገቡ ያረፈውን ሁሉ የሚበላ አመለኛ ነው። ሊወርሱ የመጡ ዕለት ወረቀት ቀረበላቸው። መነጽሬን አሉ፣ ፈለጉ፣ የለም። የመጡት ሰዎች ቸኩለዋል፤ ሶፋው ቀድሞ ወጥቷል። ሳያነቡ ፈረሙ። መሬቱስ በአዋጅ የሄደ ነው፤ የቤት ዕቃው ግን አዋጁ ውስጥ አልነበረም። ወረቀቱ «የቤት ዕቃዬን በሙሉ በፈቃዴ ለግሻለሁ» ይል ኖሯል። መነጽራቸው የት እንደቀረ ትዝ ያላቸው በሳምንቱ ነው። እስከ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ድረስ ሄዱ፤ በገዛ ሶፋዬ ውስጥ እጄን ልሰድ ብዬ አለምንም ብለው ከበሩ ተመለሱ። ሶፋው እዚያው የማኅበሩ ሰዎች አራት ዓመት ከተቀመጡበት በኋላ ማኅበሩ ቆርቆሮ ሲያስፈልገው ለነጋዴ ተሸጠ።

«ሳላነብ ፈረምኩ እንዳለ ነው የሞተው» አሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። «ስለ መሬቱ አንድ ቀን አልተናገረም። ስለዚያች ወረቀት ብቻ።»

ጓዳው በኩል መጋረጃው መነቃነቁን ተወ። ልጄ እዚያ ቆማ ትዳሯ ከአንድ ሶፋ ሥር ሲቀበር ታዳምጣለች። እኔ ግን ያን ጊዜ ሌላ ነገር መጣብኝ። ከየወረዳው በውርስም በልገሳም የተያዘ ንብረት ወረቀት ሁሉ ግልባጩ ለኛ ነበር የሚመጣው። በ67 እና በ68 በቀን ሃምሳ፣ ስልሳ ይመጣ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ምስጉን ሠራተኛ የተባልኩት በእነዚያው ዓመታት ነው። ከላይ ቀኑን፣ ከታች ፊርማውን። ባላምባራስ ገብረመንፈስቅዱስ የሚል ፊርማ በእጄ አልፏል፤ አባ ወልደ ሰንበት ያን ስም ሲቆጥሩ እንኳ ትዝ አላለኝም። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ የሚያውቅብኝ የለም። ግን ሴትየዋ መነጽሩን በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እሜቴ» አልኩ። ቃሉ በዚያ ዘመን አይባልም፤ አመለጠኝ። «ያቺን ወረቀት የመዘገብኳት እኔ ነኝ። ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ መደርደሪያ ላይ ያኖርኳት እኔ ነኝ።»

ደመቀች ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንብበዋታል?»

«አላነበብኳትም።»

«እሱም አላነበባት፣ እርስዎም አላነበቧት» አሉ። «እንግዲያ ያቺን ወረቀት ከጻፋት ሰው በቀር ያነበባት የለም ማለት ነው።»

ከዚያ ተነሱ። አለቀልን ብዬ በሩን አየሁ፤ መቃኑ ገና በደንብ አልተመለሰም ነበር፣ ለመውጣት ይመቻል። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ከሽማግሌዎቹ ጎን ሄደው፣ ለገዛ ሶፋቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«ተቀምጬ ቀረሁ፤ ይቅር በሉኝ፣ የቆየ አመል ነው» አሉ። «ዕቃ ልጠይቅ አልመጣሁም። ልጅ ልለምን ነው የመጣሁት፤ ልጅ የሚለምን ደግሞ ቆሞ ነው። ወልደተንሣኤ፣ ንገራቸው።»

አቶ ወልደተንሣኤ ያዘጋጁት ብዙ ነገር ነበራቸው፤ ግማሹ ጠፋባቸውና ልጃችሁን ለልጃችን ብለው አሳጠሩት። በወጉ የሴት አባት ዘመድ እናማክር ይላል፣ ሁለትና ሦስት ቀጠሮ ይሰጣል፣ ይኮራል። እኔ እሺ አልኩ። እዚያው፣ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ። አባ ወልደ ሰንበት «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለው ወደ ግድግዳው አጉረመረሙ። የጓዳው መጋረጃ እንደገና መነቃነቅ ጀመረ።

አሁን ተቀመጡ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስን አዩ፤ እሳቸው አልተቀመጡም። ማንም አልተቀመጠም። ሰባት ሰው ባዶ ሶፋ ከብበን ቆምን። ሶፋውን ይውሰዱት አልኳቸው።

«ይውሰዱት? የኔን ዕቃ ለኔ ማን ነው ሰጪው?»

«ለእርስዎ አይደለም» አልኩ፣ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ለልጄ ማጫ ነው። ባፈና ይዛው ትመጣለች።»

በኛ አገር ማጫ ከሁለቱም ወገን እኩል ነው የሚወጣው፤ የሴቷ አባት ያወጣውን ያህል የወንዱ ወገን ያወጣል፣ ተደምሮ ለባልና ሚስቱ ይሆናል። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሶፋውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«መልካም» አሉ። «እንግዲህ እኛም እኩል ማውጣት አለብን። የኛን በ67 አስቀድመን አውጥተናል። ይጻፍ።»

አቶ ወልደተንሣኤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አባ ወልደ ሰንበት ግን ካህን ስለሆኑ ሳቃቸውን ለመደበቅ ግድ አልነበራቸውም።

ወጉ ቢሆን ውሉ ሌላ ቀን ነው የሚጻፈው። አንኮበር ሩቅ ነው፣ ጉልበቴም ደክሟል፣ ዛሬውኑ ይለቅ አሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። ደመቀች ከወዲያ ወዲህ እያለች፣ ወጥ እያማሰለች፣ ሁሉም እሷን እየጠራ፣ ደመቀች ውኃ፣ ደመቀች ብርጭቆ ሲባል፣ አቶ ወልደተንሣኤ የገብስ ጆንያዬ ላይ ተቀምጠው በባፈና ደብተር ወረቀት ጻፉ። ጨርሰው ሰጡኝ። እኔም ወረቀት ነውና የያዝኩት፣ ከላይ ቀኑን አየሁ፣ ከታች የፊርማውን ቦታ አየሁ፣ ብዕሩን አሳረፍኩ።

አንድ እጅ ወረቀቱ ላይ መጣ። መነጽሩን ይዟል።

«አቶ ወልደአረጋይ፣ አንብበው ይፈርሙ።»

ዓይኔ ደህና ነው ልል ነበር፤ ትቼ መነጽሩን አደረግሁት። በቀኜ ሁሉም ነገር ተደፋፈነ፣ በግራዬ ተሰንጥቆ ሁለት ሆነ። ወረቀቱን አርቄ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ደግሜ አነበብኩት። «ሙሽራው አቶ ገብረአብ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ሙሽሪት ወይዘሪት ደመቀች» ይላል።

ሚስቴን ልድር ነበር። ከነፊርማዬ፣ ከነሶፋዬ።

ደመቀች ማማሰያዋን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለችና ምን ተባለ አለች። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የሳቁት። ሲስቁ ሳቁ ወደ እንባ ሄደ፣ እንባውም ወደ ሳቅ ተመለሰ፤ ባፈና ከመጋረጃው ወጥታ፣ መውጣት ሳይገባት ወጥታ፣ ክንዳቸውን ያዘች። ስሙ ተሰረዘ፣ ባፈና ተብሎ ተጻፈ፣ እንደገና ዳር እስከ ዳር አነበብኩት፣ ፈረምኩ። መነጽሩን ልመልስ ስል ዘርጋ ባለ እጃቸው ተቀበሉኝና፣ ይኸ ከማጫው ውስጥ የለም ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሰርጉ በጥር ሆነ። መቃኑ ለሁለተኛ ጊዜ ተነቀለና ሶፋው ወጣ። አሁን ያለው ባልና ሚስቱ ከወፍጮ ቤቱ በላይ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ነው፤ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስም ከአንኮበር መጥተው አብረዋቸው ይኖራሉ። ስሄድ ይቀመጡ ይሉኛል፤ በቀኙ ጫፍ እቀመጣለሁ። ግራው የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔና ደመቀች ደግሞ ጓሮ የደፋነውን አፈር አስገብተን፣ አቡክተን፣ መደቡን መልሰን ሠራነው። ትንሽ ተጣሟል። ደመቀች ሶፋ የሚባል ቃል እንዳላነሳባት ነግራኛለች፣ እኔ አንስቼው ሳላውቅ።

በመሥሪያ ቤት አንድ ችግር ገጥሞኛል። ማንበብ ጀመርኩ። በቀን ስልሳ ወረቀት የማሳልፍ ሰው አሁን ስድስት ባሳልፍ ነው። አንዳንዱ ላይ ቆሜ እቀራለሁ፤ አንዳንዱን ባለጉዳዩን ፈልጌ፣ ይህን ጽፈሃል፣ አውቀኸዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱ ከፍ ብሎ መስኮቱን ጋርዶታል። ኃላፊዬ ታግሶ ታግሶ ባለፈው ሳምንት ሥራ በማጓተት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ደርሶኛል ብለህ ፈርም አለኝ። ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩበት።